«ቆይ» እና «ልጅየ»

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ናችሁ ያገሬ ልጆች?

ያለፈው እሁድ ነው፣ ደሴ፣ ቤታችን። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እየፈላ ነው። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ስልኬ ላይ ተተክያለሁ። ምን እያየሁ እንደነበር ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ። ስለ ልጅ ተርቢያ (አስተዳደግ) የሚያስተምር ቪዲዮ! ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጄ መጥቶ ትከሻዬ ላይ ተለጠፈ። «አባየ» አለኝ። «ቆይ» አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «አባየ፣ አንድ ነገር ልንገርህ?» «ቆይ፣ ይቺን ልጨርስ።» ሦስተኛ አልጠየቀኝም። ተነስቶ ወጣ።

ሊነግረኝ የፈለገውን እሮብ ዕለት ከጎረቤታችን ሰማሁት። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ትልልቅ ልጆች መንገድ ላይ ጠብቀው ቦርሳውን ይቀሙታል፣ ደብተሩን ቦይ ውስጥ ይጥሉበታል። ሁለት ሳምንት ሙሉ። እኔ ደግሞ ደብተሩ ረጥቦ ሳየው «ዝርክርክ» ብዬ ጆሮውን ቆንጥጬዋለሁ። ወላሂ፣ የዚያን ቀን እራት አልወረደልኝም።

በማግስቱ ከሥራ ገብቼ እስከ ዒሻ (የማታው ሰላት) ስንት ጊዜ «ቆይ» እንደምል ቆጠርኩ። 14 ሲሞላ መቁጠሩን ተውኩት። አፈርኩ።

ከሰላት በኋላ ሱረቱ ሉቅማንን፣ ሉቅማን ልጁን የሚመክርባትን የቁርኣን ምዕራፍ፣ ከፈትኩ። ሁላችንም የምናውቃት ናት፣ ስለ ልጅ ሲነሳ ኡስታዞቻችን መጀመሪያ የሚጠቅሷት። የዚያን ቀን ግን ከምክሩ በፊት መጥሪያዋ ቃል ያዘችኝ። «ያ ቡነየ»። በአማርኛው ትርጉም «ልጄ ሆይ» ነው የምትለው፣ ትክክልም ነው፤ ግን ዐረብኛው ትንሽ ይበልጥ ይጣፍጣል። «ኢብን» ልጅ ነው። «ቡነየ» ሲባል ቃሉ ራሱ ይቆላመጣል። እናቶቻችን «ልጅየ»፣ «ዓለሜ»፣ «አካሌ» እንደሚሉት ዓይነት። ይቺ ጥሪ በቁርኣን ውስጥ 6 ቦታ አለች። ሦስቱ ከሉቅማን አፍ ነው፤ አንድ አንዷ ከነቢዩ ኑሕ፣ ከነቢዩ ያዕቁብና ከነቢዩ ኢብራሂም (ዓለይሂሙ ሰላም)። አራት አባቶች። እኔ ከእነዚህ አራት አባቶች የተማርኩትን ነው ዛሬ የማወራችሁ። ዓሊም (የሃይማኖት ሊቅ) አይደለሁም፤ እንደ እናንተው ልጅ አሳዳጊ ነኝ።

ሉቅማን መጀመሪያ የሚናገረው ከባዱን ነው፣ በአላህ አታጋራ። ግን ከዚያ በፊት «ልጅየ» ብሎ ነው የጀመረው። እኛ ብዙ ጊዜ እንገለብጠዋለን። «አንተ! ሰግደሃል?» ብለን ነው የምንጀምረው። ልጁ ከሰላት ጋር አብሮ የሚያስታውሰው ያቺን «አንተ!» ነው።

ቀጥሎ ደግሞ የሰናፍጯን ፍሬ ያመጣል። የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ነገር በድንጋይ ውስጥ ብትሆን፣ በሰማያት ወይም በምድር ውስጥ ብትሆን፣ አላህ ያመጣታል ይለዋል። ልጅ የሚይዘው ይሄን ነው፣ በእጅ የሚዳሰስ ነገር። አምስት ዓመት ለሞላት ልጄ ሞከርኩላት። ሰናፍጭ ስላልነበረ አንዲት የጤፍ ፍሬ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። ይዛ ሄዳ ረከቦቱ ስር ደበቀቻትና «አሁንስ አላህ ያያታል?» አለችኝ። «ያያታል።» ምንጣፍ ደረበችበት። «አሁንስ?» «ያያታል።» ሄዳ የእናቷን ነጠላ አምጥታ ጨመረችበት። ግማሽ ሰዓት እንደዚህ ስንጫወት ቆየን። ስኳር መስረቋን ትታለች እንዳትሉኝ፣ አሁንም ትሰርቃለች። ስትሰርቅ ግን ወደ ላይ ታያለች።

ሰላትን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ልጆቻችሁን በ7 ዓመታቸው በሰላት እዘዟቸው የሚለውን ሐዲስ ሁሉም ያውቀዋል። በ10 ዓመታቸው ካልሰገዱ ምቷቸው የሚለውን ደግሞ ይበልጥ ያውቃል! ከ7 እስከ 10 ያለውን ግን ማን ይቆጥረዋል? ሦስት ዓመት፣ በቀን አምስት ጊዜ። ከ5,000 በላይ ጥሪ ነው። አንዱን ሺህ በለሰለሰ አንደበት ያልጠራ አባት ስለ ዱላ የሚያወራበት አፍ ከየት ያመጣል? ባለቤታቸው ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንደነገረችን ረሱል፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በእጃቸው ሴትም አገልጋይም መትተው አያውቁም። የልጃቸውን ልጅ ኡማማን ተሸክመው ሰግደዋል። አንድ ቀን ደግሞ ሱጁድ (ግንባር መሬት የሚነካበትን ስግደት) አስረዝመው ሰዎቹ ምን ሆኑ ብለው ሲደነግጡ፣ ለካ የልጅ ልጃቸው ጀርባቸው ላይ ወጥቶ ነበር፣ እስኪበቃው ማቻኮል አልፈለጉም። እኛ ጋ ግን አንዳንድ ሽማግሌ ትንሽ ልጅ ሶፍ (የሰጋጆች ሰልፍ) ውስጥ ካዩ እጁን ይዘው ወደ በር ነው የሚወስዱት። ኧረ እንተዋወቅ! ልጁ ቢረብሽ አባቱ አጠገብ ይቁም፣ በቃ።

ወደ ያዕቁብ ልምጣ። ዩሱፍ ትንሽ ልጅ ሆኖ ሕልም አየ። አስራ አንድ ኮከብ፣ ፀሐይና ጨረቃ ሲሰግዱለት። ለማን ነገረ? ለአባቱ። እዚህ ላይ ነው ልቤ የተነካው። ልጅ ያየውን ይዞ ወደ አባቱ የሚሮጥበት ቤት ነበር። ነቢዩ ያዕቁብም አልሳቁበትም፣ «ሂድ ተኛ» አላሉትም። «ልጅየ፣ ሕልምህን ለወንድሞችህ አትንገር» ብለው መከሩት። ሰምተው ነው አደጋውን ያዩት። ያልሰማ አባት ምኑን አይቶ ይጠብቃል?

በ2014 ጥቅምትና ኅዳር፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ እዚህ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። የዚያን ጊዜ የተኩስ ድምፅ የሰሙ ሕፃናት ዛሬ ተማሪዎች ናቸው። በር ሲንጓጓ የሚደነግጥ፣ ማታ የሚያቃዥ፣ አድጎ ሳለ የሚሸና ልጅ ካለ «ወንድ ልጅ አይፈራም» አትበሉት። ቁርኣኑም ይቀራበት፣ ሐኪምም ይየው፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ከሁሉ በፊት ግን ያወራ።

እንዴት ይወራል ለምትሉ፣ የረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) መንገድ እዩ። የአገልጋያቸው የአነስ (ረ.ዐ) ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው። ሞተችበት። እሳቸው ሲያገኙት «ያ አባ ዑመይር፣ ወፊቱ ምን ሆነች?» አሉት። የዚያ ሁሉ ኡማ (ሕዝብ) ጉዳይ ያለባቸው ሰው ስለ ወፍ ይጠይቃሉ!

ይሄን ለአክስቴ ልጅ ነገርኳት። ጅዳ ነው የምትሠራው፣ አራት ዓመት ሊሆናት ነው። ልጇን ቃሉ ወረዳ፣ ገጠር፣ አያቱ ናቸው የሚያሳድጉት። አያቱን «እማ» ይላል፣ እሷን ግን በስሟ ነው የሚጠራት። በኢሞ ስትደውል ጥያቄዋ ሦስት ነው። «እየተማርክ ነው? እየሰገድክ ነው? ልብሱ ደረሰህ?» እሱም «አዎ፣ አዎ፣ አዎ» ብሎ ስልኩን ለአያቱ ይሰጣል። ከዚያ ታለቅሳለች። እኔም «እታለም፣ ስለ ፍየሏ ጠይቂው» አልኳት። አያቱ ቤት የወለደች ፍየል አለች። በሚቀጥለው ጊዜ «ግልገሏ ጡት እንዴት ነው የምትጠባው?» አለችው። ልጁ ሃያ ደቂቃ አወራት! ስልኩን ይዞ ጋጣ ድረስ ሄዶ አሳያት። ካርዱ ሲያልቅ ነው የተቋረጠው።

እንደሷ በሰው አገር ያላችሁ እናቶች ብዙ ናችሁ። ወሎ ውስጥ የዓረብ አገር ብር ያላቆመው ቤት ስንት ነው? አላህ ልፋታችሁን ይቁጠርላችሁ። የጅዳና የደሴ ሰዓት አንድ ስለሆነ አንድ ቋሚ ሰዓት ያዙ፣ ልጁ ይጠብቀው። ከተቻለ የመኝታ ዱዓውን በስልክ አብራችሁት በሉ። «የሚመጣው ዒድ እመጣለሁ» ካላረጋገጣችሁ ግን አትበሉ። ዐብደላህ ኢብን ዓሚር ልጅ ሳለ እናቱ «ና፣ እሰጥሃለሁ» ብላ ጠራችው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ተቀምጠው ነበርና «ምን ልትሰጪው ነው?» አሏት። ቴምር አለች። «ምንም ባትሰጪው ኖሮ ውሸት ይጻፍብሽ ነበር» አሏት። እኛ አገር ቤት ያለነውም ብንሆን «አልቅስ፣ ጅብ ይመጣል»፣ «ዝም ካልሽ ከረሜላ እገዛለሁ» ስንል መዝገባችን ምን ያህል እንደሞላ አላህ ይወቀው።

የያዕቁብን ቤት ሳንለቅ፣ የዩሱፍ ወንድሞች ምን ነበር ያሉት? «ዩሱፍና ወንድሙ ከእኛ ይልቅ አባታችን ዘንድ የተወደዱ ናቸው።» ልጅ ይመዝናል። የእንጀራውን፣ የፈገግታውን ልክ ሁሉ ይመዝናል። የኑዕማን ኢብን በሺር አባት ለኑዕማን ስጦታ ሰጥተው ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ምስክር ሊያደርጉ ቢሄዱ፣ «ለሁሉም ልጆችህ እንዲህ ሰጥተሃል?» ተባሉ። የለም። «አላህን ፍሩ፣ በልጆቻችሁ መካከል ፍትሐዊ ሁኑ።» አባትየው ተመልሰው ስጦታቸውን ወሰዱ። ከጎረቤት ልጅ ጋር ማወዳደሩም ከዚሁ ይቆጠር። በ2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከወደቀው ልጅ ሁሉ ቤት «የእከሌ ልጅ እኮ...» ተብሏል። የእከሌ ልጅም ወድቆ ነበር!

እርግማን ደግሞ አለ። እዚህ ላይ እኛ ወሎዬዎች እንገርማለን። መንገደኛ ቡና ላይ ቢደርስብን ስሙን ሳንጠይቅ ዱዓ እናደርግለታለን፣ «አላህ መንገድህን ያቅናው» ብለን እንሸኘዋለን። ዞር ብለን ውሃ የደፋውን ልጃችንን «ድፍት ያርግህ!» እንለዋለን። በራሳችሁ ላይ፣ በልጆቻችሁ ላይ፣ በገንዘባችሁ ላይ ዱዓ አታድርጉ፣ አላህ የሚቀበልበት ሰዓት ላይ እንዳትገጥሙ ተብሏል፣ ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ነው። እናቴ ስትናደድ «አላህ ያሳድግህ እንጂ!» እያለች ነበር የምታባርረን። ዱላውን ይዛ እየሮጠች ምርቃት! ያኔ ያስቀን ነበር።

ነቢዩ ኢብራሂም ልጃቸውን ሲያርዱ ያዩበትን፣ በጣም ከባዱን ሕልም ለልጁ ሲነግሩት እንኳ «ልጅየ» ብለው፣ «ምን እንደምታይ ተመልከት» አሉት። ሐሳቡን ጠየቁት። የአላህ ትእዛዝ ሆኖ! እኛ ሴት ልጃችንን ስለ ትዳሯ እንኳ የማንጠይቅ አለን። አንዷ ማታ ከደላላ ጋር ተነጋግራ፣ ጠዋት ትምህርት ቤት ሄደች ሲባል፣ በአፋር በኩል አልፋ ጅቡቲ፣ ኦቦክ ባሕር ዳርቻ ላይ የምትገኘው፣ ቤቷ ውስጥ «ምን ታስቢያለሽ?» ያላት ስለሌለ ጭምር ነው። ድህነቱን አልካድኩም። ግን ልጅቷ ለማያውቃት ደላላ የነገረችውን ለእናቷ ለምን አልነገረችም? ይሄን መጠየቅ አለብን።

የመጨረሻው ነቢዩ ኑሕ ናቸው። ይቺን ለጨነቃችሁ ወላጆች ነው የምጽፋት። ልጃቸው የጠፋባቸው፣ «የት አጥፍቼ ነው?» እያሉ የሚያድሩ አሉ። ኑሕ በሕዝባቸው መካከል 950 ዓመት ቆይተው ጠርተዋል፤ ልጃቸው ግን አልሰማቸውም። ነቢይ ሆነው! ስለዚህ የልጅ መጥፋት ሁሉ የወላጅ ጥፋት አይደለም፣ ማንም እንዲህ ብሎ አይፍረድባችሁ። ግን ማዕበሉ እንደ ተራራ ሲመጣ፣ ልጁ ትልቅ ሰው ሆኖ፣ እምቢ ብሎ፣ ከከሓዲዎች ጋር ርቆ ቆሞ ሳለ፣ ምን ብለው ነው የጠሩት? «ያ ቡነየ፣ ከእኛ ጋር ተሳፈር።» ያኔም ልጅየ።

ሰፈራችን አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው ጫት ቤት ነው የሚውለው፣ ሰላት ከተወ ቆይቷል፣ ገብቶ የሚያድረውም በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ነው። ሰው «በሩን ዝጊበት» ይላቸዋል። እሳቸው ማታ ማታ እራቱን በሰሃን ከድነው፣ ላዩ ላይ ፎጣ ደርበው ያስቀምጣሉ። አንድ ቀን «እማማ፣ ካልመጣስ?» አልኳቸው። «ጠዋት ለድመቷ እሰጣታለሁ» አሉኝ። «ከመጣ ግን በሩ ላይ ምን ልበለው? ልጅየ፣ እራትህ አለ፣ ከማለት ሌላ ምን አለኝ?»

ስሙን አልጽፍም። አላህ ያውቀዋል። ዛሬ ከዒሻ በኋላ እጃችሁን ስታነሱ እሱንም አስታውሱልኝ፣ እናቱንም።