የባንግላዴሽ ባህር ዳርቻ ሽሪምፕ አርቢዎችና ኑሯቸው

ሽሪምፕ ማለት አረብ አገር የሰሩ እህቶቻችን ሩቢያን ብለው የሚያውቁት፣ ኩሽና ቆመው ሲልጡት የሚውሉት ነው። ብዙ ሰው ሁሉም ከባህር ተጠምዶ የሚመጣ ይመስለዋል ግን አለም ላይ ከሚበላው ትልቁ ክፍል ኩሬ ውስጥ የሚረባ ነው። እዚህ የማወራው ስለ ደቡብ ምእራብ ባንግላዴሽ ነው፣ ኩልና፣ ሳትኪራ እና ባገርሃት ስለሚባሉት አካባቢዎች (አመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)።

እዛ ያለው ገበሬ ባግዳ የሚሉትን ዥንጉርጉር ትልቅ ሽሪምፕ ያረባል፣ ኩሬውን ደሞ ጌር ይሉታል። ጌር ማለት ዙሪያውን በአፈር የታጠረ፣ ብዙ ግዜም ድሮ ሩዝ ይዘራበት የነበረ ማሳ ነው። በ1960ዎቹ መንግስት የባህሩ ጨው ውሃ ሩዙን እንዳያበላሸው ብሎ ረጃጅም የአፈር ግድቦች አሰርቶ ነበር፣ በኋላ በ1980ዎቹ የሽሪምፕ ዋጋ ሲወደድ ያንኑ ግድብ እየበሱ ጨው ውሃውን ራሳቸው ማስገባት ጀመሩ። ገንዘብ ያላቸው ሰዎች መሬት እየተከራዩ ሲያስፋፉ ጎረቤት ያለው ድሃ ባይፈልግም ጨዉ እሱም ጋ ይደርሳል። በ1990 ህዳር ወር ሆሪንኮላ የሚባል መንደር ውስጥ ኮሩናሞዪ ሳርዳር የምትባል ሴት ይሄን ስትቃወም ተገድላለች፣ እስካሁን በየአመቱ ያስቧታል። ጨዉ ዛፉን አደረቀ፣ የከብት መኖ አጠፋ፣ ሴቶቹ የሚጠጣ ውሃ ፍለጋ ሩቅ ይሄዳሉ። ለኔ ከሁሉም የሚከብደኝ እሄ ነው፣ ውሃ ከቦህ እየኖርክ የሚጠጣ ማጣት።

በሽታው ሌላ ነው። ነጭ ነጠብጣብ የሚባል ቫይረስ በ1990ዎቹ ገብቶ እስካሁን አልወጣም፣ ሰው ላይ ምንም አያደርግም ሽሪምፑን ግን ከያዘ በአስር ቀን ባልሞላ ግዜ ኩሬውን ባዶ ሊያስቀር ይችላል፣ መድሃኒትም የለውም። ጫጩቶቹ በብዛት የሚፈለፈሉት ኮክስ ባዛር በምትባል የባህር ዳር ከተማ አካባቢ ነው፣ እናቶቻቸው ደሞ አብዛኞቹ ከባህር የተያዙ ስለሆኑ በሽታውን ይዘው ሊመጡ ይችላሉ፣ ገበሬው ገዝቶ ሲጨምር ጤነኛ ይሁኑ አይሁኑ በአይን አይቶ አያውቅም። ኩሬው ጥልቀት ከሌለው በሙቀት ውሃው ይግላል፣ ድንገት ሀይለኛ ዝናብ ሲወርድ ደሞ ጨዉ ይቀንሳል፣ እንደዛ ሲለዋወጥበት ሽሪምፑ ይደክምና በሽታው ያገኘዋል።

አውሎ ነፋስም አለ። ሲድር በ2007፣ አይላ በ2009፣ አምፋን በ2020። አይላ ግድቦቹን ሰብሮ ሲገባ የአንዳንዱ ሰፈር ውሃ ከአመት በላይ ሳይወጣ ቀርቷል፣ ጌሩም ሽሪምፑም ቤቱም አንድ ላይ ሄዷል።

ይሄ ሁሉ አልፎ ሽሪምፑ ቢደርስ እንኳን ዋጋውን የሚወስነው ገበሬው አይደለም። ዳዶን የሚሉት ብድር አለ፣ ነጋዴው ለጫጩት መግዣ ቀድሞ ይሰጥሃል አንተ ደሞ ምርትህን ለሱ ብቻ ነው የምትሸጠው፣ እኛ አገር ቡናው ሳይለቀም ብር ተቀብሎ ዋጋውን ለነጋዴ የሚተወውን ገበሬ አስቡት። ኩሬው በበሽታ ካለቀ እዳው ለሚቀጥለው አመት ይተላለፋል። ከገበሬው እጅ ከወጣ በኋላ ደሞ መሀል ላይ ክብደት እንዲጨምር በመርፌ ውሃና ጄል የሚወጉ አሉ፣ የውጪ ገዢ ሲያገኘው እቃውን ይመልሳል፣ ዋጋ ሲወርድ ግን ኪሳራው ተመልሶ ኩሬው ጋ ይመጣል። በ1997 የአውሮፓ ህብረት በፋብሪካዎቹ የንፅህና ጉድለት ምክንያት የባንግላዴሽ ሽሪምፕ እንዳይገባ ለወራት አግዶ ነበር፣ ጥፋቱ ፋብሪካ ውስጥ ሆኖ ገበያ ያጣው ግን ገበሬውም ጭምር ነው።

አሁን ኢኳዶርና ህንድ ቫናሜ የሚባለውን ዝርያ በብዛትና በርካሽ እያመረቱ ገበያውን ይዘውታል። ባንግላዴሽም በ2023 ቫናሜ ለንግድ እንዲረባ ፈቅዳለች፣ ግን እሱን በደንብ ለማርባት መብራት፣ ውሃው ውስጥ አየር የሚያስገባ ማሽንና የተገዛ መኖ ያስፈልጋል፣ ዳዶን ላይ የተንጠለጠለ ገበሬ ደሞ ይሄን ከየት ያመጣል? ስለዚ አብዛኛው አሁንም ባግዳውን ይዞ፣ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ የባህሩ ውሃ ከፍ ሲል የኩሬውን ውሃ እየቀየረ፣ ወጥመዱ ውስጥ የገባውን ለቅሞ ወደ ነጋዴው ይሄዳል።