ትርፍ ቁልፍና ሪሞት ለአሮጌ መኪና፦ «መልኩ አንድ ነው» አይበቃም

«ይኸው ፎቶው፣ ይሄንኑ የሚመስል ፈልግልኝ።» ቁልፍ ቀራጮች ይህን በቀን ስንቴ እንደሚሰሙት እነሱ ይቁጠሩት። ፎቶው ላይ የሚታየው ጥቁር ፕላስቲክ፣ ሦስት መጫኛና የኩባንያው ምልክት ነው። መኪናዋ ግን ከእነዚህ አንዱንም አታይም።

መኪናዋ የምታውቀውን ለመረዳት፣ ቁልፍ የምንለው ነገር ሦስት ዕቃ መሆኑን መቀበል ያስፈልጋል። ብረቱ በሩንና ማስነሻውን ያዞራል። ቺፑ ባትሪ የለውም፤ ቁልፉ ሲገባ ማስነሻውን ከከበበው የሽቦ ቀለበት በ125 ኪሎኸርዝ አካባቢ ኃይል ተቀብሎ ማንነቱን ይናገራል፣ ኢሞቢላይዘሩ የሚባለው የስርቆት መከላከያ ካላወቀው ሞተሩ ይከለከላል። ሪሞቱ ደግሞ በሩን በሬዲዮ የሚከፍተው ሰሌዳ ነው፤ ክቧ ባትሪ የምታገለግለው እሱን ብቻ ነው። በብዙ ቁልፎች ሦስቱ በአንድ እጀታ ይኖራሉ እንጂ አይተዋወቁም።

ስለዚህ «የሪሞቱ ባትሪ ስላለቀ ሞተሩ እምቢ አለ» የሚለው፣ በብረት ቁልፍ ለሚነሳ መኪና፣ ስህተት ነው። ባትሪውን አውጥታችሁ ሞክሩት፣ ይነሳል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፦ «መልኩ ከገጠመ፣ ሞዴሉና ዓመቱም አንድ ከሆነ ይሠራል።»

አይሠራም፤ ቢያንስ በዚህ ምክንያት አይሠራም። አንድ ሞዴል በአንድ ዓመት ለብዙ ገበያ ይመረታል፣ የሬዲዮ ሕጉ ደግሞ ከአገር አገር ይለያያል። ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያና ለሰሜን አሜሪካ የተሠሩት በአብዛኛው 315 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሆነ የሬዲዮ ድግግሞሽ ይጠቀማሉ። ለአውሮፓ የተሠሩት 433.92 ሜጋኸርዝ ነው፣ አንዳንዶቹ 868። ስለዚህ ጥያቄው «መኪናው የት ተመረተ» ሳይሆን «መጀመሪያ ለየትኛው ገበያ ተሠራ» ነው። ጃፓን ተመርታ ለአውሮፓ የተላከችና እዚያው ጃፓን የቀረች ሁለት መኪና፣ በእጅ ስትይዟቸው የማይለዩ ሁለት ሪሞት ሊኖራቸው ይችላል። 315 የሚልክ ሪሞት 433 በሚሰማ መኪና ፊት ቀኑን ሙሉ ቢጫን መብራቱ ብልጭ ይላል፣ በሩ ግን አይሰማውም። ገዢው «ፕሮግራም አልሆነም» ብሎ ባለሙያውን ይወቅሳል። ፕሮግራም የሚሆን ነገር መቼ ኖረና!

የቀድሞው ሪሞት በእጃችሁ ካለ ክፈቱት። ብዙዎቹ ጠርዛቸው ላይ ሳንቲም የምታስገባ ስንጥቅ አላቸው። በጀርባው ወይም በሰሌዳው ላይ ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛው የሬዲዮ ፈቃድ ቁጥር ነው፤ ፊደልና አኃዝ የተቀላቀለበት፣ ከነፊደሉ ሙሉ በሙሉ መግጠም ያለበት። ዜሮንና የላቲኑን ኦ አለመለየት ብቻውን ብዙ ሰው የማይሆን ሪሞት አስገዝቷል። ሁለተኛው ድግግሞሹ ነው፤ ካልተጻፈ ሰሌዳው ላይ ያለችውን ትንሽ የብረት ክዳን ያላት ክፍል በማጉያ መነጽር እዩ፣ ብዙ ጊዜ 315 ወይም 433 የሚል ታትሞባታል። ሪሞቱ ጨርሶ ከጠፋ የሻንሲ ቁጥሩን ይዛችሁ የኩባንያውን የዕቃ ቁጥር አስወጡ። ለምሳሌ በቶዮታ በ89070 የሚጀምረው የሪሞት ቁልፍ ነው፤ ከሰረዙ በኋላ ያሉት አምስት አኃዞች ካልገጠሙ ግን የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ምንም አያስተማምኑም።

ይህ ሁሉ ገጥሞ እንኳ ቺፑ ሊለይ ይችላል። ያው የፈቃድ ቁጥር ያለው የቶዮታ ሪሞት ከአንድ በላይ ዓይነት ቺፕ ይዞ ይሸጣል። በአሜሪካ ገበያ ቶዮታዎች ላይ ብረቱ አንገት ስር ነጥብ ከታተመ 4ዲ የሚባለው ቺፕ ነው፤ የላቲኑ ጂ ወይም ኤች ፊደል ከታተመ ቺፑ በዚያው ፊደል የሚጠራው ነው። ነጥብ የሚፈልግ መኪና የጂ ቁልፍ ቢሰጡት በሩን ይከፍታል፣ ሞተሩን አያስነሳም። በሌሎች ኩባንያዎች ቺፑ 46 ወይም 48 እየተባለ ይጠራል፤ ሻጩ ቁጥሩን ሲጠየቅ «ለሁሉም ይሆናል» ካለ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ መልሱ።

«ካቨሩን ብቻ ቀይሬ መኪናዬ መነሳት አቆመ፣ ካቨሩ ብልሹ ነው።» ካቨሩ፣ ማለትም የቁልፉ የፕላስቲክ ሽፋን፣ ምንም አላደረገም። ቺፑ አሮጌው ካቨር ውስጥ ቀርቶ ነው። ብዙ ሰው አረንጓዴውን ሰሌዳ አውጥቶ ወደ አዲሱ ያዛውርና «ሁሉም ወጥቷል» ብሎ አሮጌውን ይጥላል። ቺፑ ግን በብዙ ቁልፎች ከሰሌዳው ተለይቶ ነው የሚቀመጠው፦ 12 በ6 በ3 ሚሊሜትር የምታህል ጥቁር ቁራጭ፣ የከሰል ስባሪ የምትመስል፣ ወይም እንደ ሩዝ ፍሬ ቀጠን ያለች የመስታወት ብልቃጥ። ከብረቱ አጠገብ በጠባብ ጎድጓዳ ውስጥ ተጣብቃ ትገኛለች። በቢላ ጫፍ አትፈንቅሏት፤ መስታወቷ ከተሰበረች አበቃ። ካቨሩን በፀጉር ማድረቂያ ለብ አድርጉት፣ ሙጫው ሲላላ ፕላስቲኩን ከጎን እየላጡ ማውጣት ይቻላል። አዲሱ ካቨር ለእሷ የሚሆን ጎድጓዳ እንዳለው ከመግዛታችሁ በፊት እዩ። እንዳትንቀሳቀስ ጥቂት ሙጫ ይበቃል፤ ብረቱን ተጠግታ ትቀመጥ እንጂ እጀታው ጫፍ ላይ አትውሰዷት፣ ከማስነሻው ቀለበት ትርቃለችና።

«መኪናዬ አሮጌ ስለሆነች ቺፕ የላትም።» ሊሆን ይችላል፣ ግን በዕድሜ አይገመትም። በአውሮፓ ኢሞቢላይዘር ለአዲስ መኪኖች ግዴታ የሆነው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው፣ በካናዳ ደግሞ በ2007፤ ከዚያ በፊትም ብዙዎች ይገጥሙ ነበር። ፈተናው ቀላል ነው። የቁልፉን እጀታ በአሉሚኒየም ፎይል ሁለት ሦስት ዙር ሸፍኑና አስነሱ። ሞተሪኖው ዞሮ ሞተሩ ካልተነሳ፣ ወይም ተነስቶ በአንድ ሁለት ሴኮንድ ከጠፋ፣ ቺፕ አለ። ፎይሉን ስታነሱ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። የቁልፍ ምልክት ያላት መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ብልጭ ድርግም ካለችም ያው ነው።

«ከአሮጌው ቁልፍ ቅረጽልኝ።» ሃያ ዓመት የተገለገሉበት ቁልፍ ተበልቷል፤ ማሽኑ ደግሞ የመበላቱንም ልክ ጨምሮ ይገለብጣል። ከግልባጩ ሌላ ግልባጭ ሲወጣ ስህተቱ ይደራረባል። የጥርሱ ደረጃ ልዩነት ከአንድ ሚሊሜትር በታች ስለሆነ ብዙም ሳይቆይ ቁልፉ ገብቶ የማይዞር ይሆናል። መፍትሔው በኮድ ማስቀረጽ ነው፦ ከአዲስ መኪና ጋር በምትመጣ ትንሽ የብረት ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ቁጥር፣ ወይም በሻንሲ ቁጥር ከኩባንያው የሚወጣው። ሁለቱም ከሌሉ ብዙ ያልተገለገሉበትን ትርፍ ቁልፍ ስጡ፣ በየቀኑ የምትይዙትን አይደለም።

«ክብ ባትሪ ክብ ባትሪ ነው።» ሲአር2032 20 ሚሊሜትር ስፋትና 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፤ ሲአር2016 ውፍረቱ ግማሽ ነው። ሁለት 2016 ደርበው በ2032 ቦታ የሚያስገቡ አሉ፣ ልኩ በትክክል ይገጥማልና። ቮልቱ ግን 3 መሆኑ ቀርቶ 6 ይሆናል፣ ሰሌዳው ሊቃጠል ይችላል።

«የመኪናው ባትሪ ሲነቀል ቁልፎቹ ይረሳሉ።» የቺፕ ምዝገባ ኃይል ሲጠፋ በማይሰረዝ ማኅደር ነው የሚቀመጠው፤ አይረሳም።

«ያገለገለ ሪሞት ከአዲስ በምን ያንሳል?» የአንዳንድ ኩባንያዎች ቺፕ አንዴ ከመኪና ጋር ከተያያዘ ይቆለፋል፣ ለሌላ መኪና አይመዘገብም፤ የቮልስዋገን ቁልፎች ለዚህ የታወቁ ናቸው። ያገለገለ ስትገዙ ቺፑ እንደማይሠራ ቆጥራችሁ ለሰሌዳው ብቻ ክፈሉ።

የመጨረሻው ምዝገባውን ይመለከታል፦ «በሩን ከከፈተ ቁልፉ ተመዝግቧል።» የሪሞቱና የቺፑ ምዝገባ የተለያዩ ናቸው። ሪሞቱን በብዙ አሮጌ መኪኖች ባለቤቱ ራሱ ያስገባዋል። በብዙ የድሮ ኒሳኖች በሮቹን ሁሉ ዘግታችሁ ከሹፌሩ በኩል ቆልፉ፣ ቁልፉን በ10 ሴኮንድ ውስጥ 6 ጊዜ በማስነሻው አስገብታችሁ ሙሉ በሙሉ አውጡ፤ ሁለቱ ፍሬቻዎች ብልጭ ሲሉ ቁልፉን አስገብታችሁ ወደ መጀመሪያው ደረጃ አዙሩና የአዲሱን ሪሞት መጫኛ ተጫኑ። ፍሬቻው ካልመለሰ አብዛኛውን ጊዜ አወጣጡ ሙሉ ስላልነበረ ወይም ስለፈጠናችሁ ነው። በብዙ የድሮ ሆንዳዎች ደግሞ አዲስ ሪሞት ስታስገቡ የቀድሞዎቹ ይሰረዛሉ፤ ቤት ያለውንም ይዛችሁ በአንድ ቁጭታ አስገቧቸው። ቺፑ ግን ብዙ ጊዜ ማሽንና የምስጢር ቁጥር ይጠይቃል፣ በኒሳን 4 አኃዝ፣ በሃዩንዳይና በኪያ 6። ቶዮታ ላይ ከሆናችሁ የያዛችሁት ቁልፍ ጥቁር እጀታ መሆኑን አረጋግጡ፤ ግራጫው ለመኪና አቋሚ የሚሰጥ ስለሆነ ሞተር ያስነሳል እንጂ ሌላ ቁልፍ አያስመዘግብም። ጥቁሩ ጠፍቶ ግራጫው ብቻ ከቀረ፣ በብዙ የድሮ ቶዮታዎች ሥራው የመኪናውን ኮምፒውተር ፈትቶ ማኅደሩን እስከ ማደስ ይደርሳል፤ ስለዚህ ትርፉን ማስቀረጽ ያለባችሁ ጥቁሩ በእጃችሁ ሳለ ነው።