«ስኪኒ» ሙገሳ ነው ወይስ ስድብ?

ጥያቄው ደጋግሞ ስለሚነሳ አንዴ በደንብ እንየው። «ስኪኒ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቅጽል የመጣው «ስኪን» ማለትም ቆዳ ከሚለው ቃል ነው። ቆዳና አጥንት ብቻ የቀረው ሰው በዓይናችሁ ይምጣ። ስለዚህ ለሰው ሲነገር ብዙ ጊዜ «ከሲታ» እንደማለት ነው። ሸንቃጣ ለማለት ከፈለጋችሁ «ስሊም» በሉ። የሥራ ባልደረባችሁን «ዩ ሉክ ስሊም» ብትሏት ደስ ይላታል። «ዩ ሉክ ስኪኒ» ካላችኋት ግን «የታመምኩ እመስላለሁ እንዴ?» ብላ ልትደነግጥ ትችላለች።

እርግጥ እንደ ሰዉና እንደ ቅርበቱ ይለያያል። መቅጠን የሚፈልጉ ጓደኛሞች «ስኪኒ»ን ለሙገሳም ይሉታል። ለማታውቁት ሰው ግን እባካችሁ ተዉት።

ለዕቃ ሲሆን ችግር የለውም። ስኪኒ ጂንስ እግር ላይ ልጥፍ የሚል ሱሪ ነው፤ ስኪኒ ላቴ ደግሞ ቅባቱ በወጣለት ወተት የሚሠራ ቡና።