የግሪክ አማልክት በዘመናዊ የፍቅር ልብወለድ

በዚህ ዘውግ አማልክቱ ከተማ ውስጥ ይኖራሉ። ስልክ ይይዛሉ፣ የምሽት ክበብ ይከፍታሉ፣ ፍቅርም ይይዛቸዋል። ታሪኩ የጥንት ግሪኮች ነው፤ ዘመኑ ግን የዛሬ። እኛ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ያለን አንባቢዎች አብዛኛውን በእንግሊዝኛ፣ በስልክ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን ነው የጨረስነው። በአማርኛ የተሰበሰበ ነገር ፈልጌ ስላጣሁ ይችን ጻፍኩ።

ስሞቹ ለእኛ ጭራሽ ባዕድ አይደሉም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14 ላይ የልስጥራ ሰዎች በርናባስን «ድያ»፣ ጳውሎስን «ሄርሜን» ይሏቸዋል፤ የአማልክት ንጉሥ ዜውስና መልእክተኛው ሄርሜስ ማለታቸው ነው። ምዕራፍ 19 ላይ የኤፌሶኗ አርጤምስ አለች። ሔዲስ የሚለው የሙታን አገር ገዥ አምላክ ስም ደግሞ በአማርኛው ሐዲስ ኪዳን «ሲኦል» ተብሏል። እንግዲህ የልብወለዶቹ ዋና አፍቃሪ በእኛ ቋንቋ ስሙ ሲኦል ነው። ለእናት ማስተዋወቅ ይከብዳል።

ከሁሉም በላይ ተደጋግሞ የሚጻፈው የሔዲስና የፐርሰፎኒ ታሪክ ነው። ዋናው ጥንታዊ ምንጭ በግሪካዊው ባለቅኔ በሆሜር ስም የሚጠራው የእህል እንስት አምላክ የዲሜትር መዝሙር ሲሆን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው ወይም በ6ኛው መቶ ዘመን እንደተደረሰ ይገመታል። ልጅቷ ፐርሰፎኒ አበባ ስትለቅም መሬት ይከፈትና ሔዲስ በሠረገላ ይዟት ይሄዳል። አባቷ ዜውስ አስቀድሞ ፈቅዷል፤ እሷን የጠየቀ የለም። እናቷ ዲሜትር በሐዘን እህል እንዳይበቅል ታደርጋለች፣ ረሃብ ይገባል፣ ዜውስም መጨረሻ ላይ «ልቀቃት» ይላል። ሔዲስ ግን ከመሸኘቱ በፊት የሮማን ፍሬ ያቀምሳታል፤ ስለቀመሰች በየዓመቱ ሲሶውን ጊዜ እዚያው ከሙታን አገር ታሳልፋለች። መዝሙሩ ላይ ፍሬው አንዲት ቅንጣት ነው። ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ ሰባት አደረገው፣ የዛሬዎቹ ብዙ ጊዜ ስድስት ይላሉ። በግድ አጎረሰኝ ብላ ለእናቷ የምትናገረውም እዚያው መዝሙሩ ውስጥ ነው።

እዚህ አገር ይሄ ነገር ስም አለው፤ ጠለፋ። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 587 ከ3 እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል። ዘመናዊዎቹ ደራሲዎች የሚጨነቁትም እዚችው ላይ ነው፤ ምርጫውን ለልጅቷ ይሰጣሉ። ኒውዚላንዳዊቷ ሬቸል ስማይዝ ከ2018 እስከ 2024 እ.ኤ.አ. በኢንተርኔት ባወጣችው «ሎር ኦሊምፐስ» በተባለ የሥዕል ታሪክ ፐርሰፎኒ ከተማ የገባች ተማሪ ናት። ኬቲ ሮበርት በ2021 ባሳተመችው ልብወለድ ደግሞ ፐርሰፎኒን ለዜውስ (እዚያ አባቷ አይደለም) ሊድሯት ሲሉ ራሷ ሸሽታ ወንዝ ተሻግራ ሔዲስ ዘንድ ትደርሳለች፤ ጠላፊው መጠጊያ ሆነ ማለት ነው። ጎረቤቴ ይሄን «ጠላፊን ሱፍ አልብሶ ማቆንጀት» ትለዋለች። ልጇ አትስማማም፤ «መርጣ ነው የሄደችው እኮ!» እኔ ለጎረቤቴ ልጅ አደላለሁ። በመዝሙሩ ስታለቅስ አገር ያስራበችው ዲሜትር በብዙዎቹ ልብወለዶች ነገረኛ እናት ሆና መቅረቧ ግን ያናድደኛል።

ሌላው ተወዳጅ ታሪክ የፍቅር አምላክ የኤሮስና የሰው ልጅ የሆነችው የሳይኪ ሲሆን ምንጩ የ2ኛው መቶ ዘመን ጸሐፊ አፑሌዩስ ነው። ጥንቱን ወደ ዛሬ ማምጣት አዲስ አይደለም፤ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ጸሐፌ ተውኔቱ በርናርድ ሾው የሠራውን ሐውልት ያፈቀረውን የፒግማልዮንን ተረት፣ ታሪኩን ለንደን ላይ አድርጎ፣ ቴአትር ሠርቶበታል።

የእኛም ስም አለበት። ሆሜር አማልክቱን ግብዣ የሚልካቸው ኢትዮጵያውያን ዘንድ ነው። ግሪካዊው ጀግና ፐርሲየስ ከባሕር አውሬ አድኖ ያገባት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። አብዛኞቹ ምሁራን ያ «ኢትዮጵያ» ከግብፅ በታች ያለው የኩሽ ምድር ነው ይላሉ፣ ስለ አንድሮሜዳ ደግሞ በዛሬዋ እስራኤል ያለችውን ያፋን የሚጠቅሱ አሉ። ይሁን፤ ስሙ ግን የኛው ነው። ሄሊዮዶሮስ በ3ኛው ወይም በ4ኛው መቶ ዘመን በግሪክኛ በጻፈው የፍቅር ልብወለድ የኢትዮጵያ ንግሥት የአንድሮሜዳን ሥዕል እያየች ፀንሳ ነጭ ልጅ ትወልዳለች፤ ባሏ እንዳይጠረጥራት ፈርታም ሕፃኗን ትጥላለች። ልጅቷ ካሪክሊያ ግሪክ አገር ዴልፊ አድጋ ቴያጌኒስ ከሚባል ግሪካዊ ጋር ትፋቀራለች፣ ከስንት መከራ በኋላም በኩሽ ዋና ከተማ በሜሮኤ ይጋባሉ። ይሄን ለጎረቤቴ ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ጠለፋ አለበት?» ብላ ነው። አለበት። ቴያጌኒስ ጓደኞቹን አስከትሎ ሌሊት በር ሰብሮ ይወስዳታል። ልጅቷ ግን ቀድማ ተስማምታለች።