ሰናፍጭና የጎመን ዘር በአዲስ አበባ ጓዳ

በሕንድና በባንግላዴሽ ብዙ ቤተሰብ ወጡን የሚሠራው በሰናፍጭ ዘይት ነው። መሃል አዲስ አበባ ላይ ግን ጓዳውን የያዙት ኑግ፣ ሱፍና ከውጭ የሚገባው ፓልም ናቸው። የሰናፍጭ ዘይት እኛ ቤት የሚገባው ሳይጨመቅ፣ ዘሩ ውስጥ እንዳለ ነው።

መርካቶ ቅመም ሻጮች ዘንድ ሁለት የሚመሳሰሉ ደቃቅ ዘሮች አሉ። አንዱ ሰናፍጭ ነው። ሌላው ቅጠሉን የምንበላው የሀበሻ ጎመን ዘር ነው። ዘመዳሞች ናቸው፤ የሀበሻ ጎመን የተገኘው ሰናፍጭ ከጥቅል ጎመን ወገን ጋር በተፈጥሮ ተዳቅሎ ነው። ይህን ዝምድና ዉ ጃንግቹን የተባለ ተመራማሪ በ1935 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ባሳተመው ጥናት አስረድቷል።

የጎመን ዘር ዋና ሥራው ምጣድ ላይ ነው። አዲስ ምጣድ የሚሟሸው በእሱ ነው። ከዚያም ዱቄቱ የጋለው ምጣድ ላይ ይበተንና በማሰሻ ይታሻል፤ ዘይቱ ሸክላው ውስጥ ይሰርጋል፣ እንጀራውም ሳይዝ ይነሳል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋግሩ እናቶችም አልተዉትም። ልክ ናቸው፤ ሸክላው ያው ሸክላ ነው።

ሰናፍጭ የገበታ ነው። ሥጋ ቤት ከጥሬ ሥጋ ጋር፣ ከአዋዜና ከሚጥሚጣ ጎን ይቀርባል። በሁዳዴ ደግሞ ከባቄላና ከሱፍ የሚሠራው ስልጆ ያለ እሱ አይሆንም። አፍንጫ ውስጥ ገብቶ እንባ የሚያስመጣው ኃይሉ ደረቁ ዘር ውስጥ የለም። ዘሩ ተወቅጦ ውኃ ሲነካው፣ ለየብቻ የነበሩ ሁለት ነገሮች ይገናኙና ያን የሚያቃጥል ዘይት ይፈጥራሉ። ስለዚህ በቀዝቃዛ ውኃ ይበጥበጥ። የፈላ ውኃ ሥራውን የሚጀምረውን ኢንዛይም ይገድለዋል፣ የሚቀረውም መራራ ነገር ነው። ክዳኑንም ግጥም ማድረግ ነው፤ ኃይሉ ተኖ ይጠፋል።

ከሰናፍጭ ተጨምቆ ለምግብ ማብሰያ ስለሚውለው ዘይት ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኤሩሲክ አሲድ የተባለ ቅባት ይበዛበታል። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ልብን ስለጎዳ፣ አሜሪካ ውስጥ ለምግብነት እንዲሸጥ አይፈቀድም። ማሰሻ ላይ ያለው እፍኝ የማትሞላ የጎመን ዘር ዱቄት ከዚህ ጋር አይወዳደርም፤ በየቀኑ በዘይቱ መጥበስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

በሀበሻ ጎመን ዘርም ውስጥ ያለው ያው አሲድ ለፋብሪካ ተፈላጊ ነው። በጥር 2018 እ.ኤ.አ. ከሎስ አንጀለስ ወደ ሜልቦርን የበረረ የኳንታስ አውሮፕላን፣ ከሀበሻ ጎመን ዘር የተሠራ ነዳጅ ቀላቅሎ ተጠቅሟል።