የኋላ በሩ እምቢ ሲል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በተን ሲነኩት ራሱ የሚከፈት፣ ራሱ የሚዘጋ የመኪና የኋላ በር ደስ ይላል። እስኪያስቸግር ድረስ ነው ታዲያ። አንድ ቀን ግማሽ ላይ ይገተራል። ወይም መዘጋት ጀምሮ ሀሳቡን እንደቀየረ ሰው ይመለሳል። ወይም ጢጥ ጢጥ ብሎ ዝም። ያኔ ምክር አይጠፋም። አንዱ «ሞተሩ ተቃጥሏል» ይላል፣ ሌላው «ባትሪውን ንቀለው»፣ ሌላው «ዘይት ንፋበት»። ከምክሩ ግማሹ ያለጥቅም ገንዘብ ያስወጣል። አንዳንዱ ደግሞ ደህናውን ያበላሻል።

መጀመሪያ አሠራሩን እንይ። በአብዛኞቹ አዳዲስ መኪኖች በሩን የሚያነሱት በጎንና በጎን ያሉ፣ ሾክ የሚመስሉ ዘንጎች ናቸው። ውስጣቸው ትንሽ ሞተር፣ ማርሽ፣ ረጅም ብሎን እና ጠንካራ ስፕሪንግ አለ። ሞተሩ ብሎኑን ሲያዞር ዘንጉ ይረዝማል ወይም ያጥራል። ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደዞረ የሚቆጥር ሴንሰርም አለ። በሩን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር በሩ የት እንደደረሰ የሚያውቀው በዚህ ቆጠራ ነው። ብዙዎቹ ላይ ደግሞ የበሩ ጠርዝ እጅ ወይም ዕቃ ሲነካው የሚያውቅ የጎማ ሴንሰር ተገጥሞለታል። መሀል ላይ መቆለፊያው አለ፤ እሱም ተከፍቻለሁ፣ በግማሽ ይዣለሁ፣ ሙሉ ለሙሉ ተዘግቻለሁ እያለ መልእክት ይልካል። ከእነዚህ አንዱ የተሳሳተ መልእክት ከላከ ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ በሩ አይንቀሳቀስም። እኔ ዕቃ ከመግዛቴ በፊት ሁሌም «ማን ከለከለው?» ብዬ የምጠይቀው ለዚህ ነው።

«ካልተንቀሳቀሰ ሞተሩ ተቃጥሏል ማለት ነው»

ከሁሉም የተለመደው ይሄ ነው፤ ከሁሉም ብዙ የሚያስወጣውም ይሄው ነው። ሞተሩ በእርግጥ ሊሞት ይችላል። ውሃ ገብቶበት የዛገ ዘንግም አይጠፋም። ግን ቀላል ቀላሉን አስቀድሙ።

ብዙ መኪኖች የኤሌክትሪኩን በር ጭራሽ የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ አላቸው። ዳሽቦርዱ ላይ፣ ፊት ለፊት ያለው የዕቃ ሳጥን ውስጥ፣ ወይም በስክሪኑ ሜኑ ውስጥ ይሆናል። አንድ ሰው ሳያውቅ ነክቶት ባለቤቱ ጋራዥ ለጋራዥ ይንከራተታል። አውቶማቲክ ማርሽ ያላቸው ብዙ መኪኖች ደግሞ ማርሹ ፓርኪንግ ላይ ካልሆነ በሩን አያንቀሳቅሱም።

በሩ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ እየደረሰ የሚቆም ከሆነ ምናልባት ብልሽት የለም። የከፍታ ገደብ ተሰጥቶታል። ዝቅ ባለ ጣሪያ ስር የሚያቆም ሰው በሩ እንዳይመታ ብሎ ያደረገው ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ መኪኖች ላይ በሩን በእጅ ወደምትፈልጉት ከፍታ አንስታችሁ፣ የመዝጊያውን በተን ድምፅ እስኪሰጥ ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ስትይዙት አዲሱን ከፍታ ይይዛል። ሌላም አለ፦ በሩን ለሰው ለማሳየት ደጋግማችሁ ከፍታችሁ ከዘጋችሁት፣ ሞተሩ ከመጠን በላይ እንዳይግል ኮምፒውተሩ ለተወሰነ ጊዜ ሊያቆመው ይችላል። ትንሽ ጠብቁት።

ከዚህ ሁሉ በኋላም እምቢ ካለ ጆሯችሁን ተጠቀሙ። በተኑን ስትጫኑ መቆለፊያው «ቀጭ» ብሎ ለቆ በሩ ካልተነሳ፣ ችግሩ ያለው ዘንጎቹ፣ ሽቦአቸው ወይም ፊውዛቸው ጋ ነው። «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ጭራሽ ከሌለ መቆለፊያውን፣ በተኑን እና በመካከላቸው ያለውን ሽቦ ጠርጥሩ። ሞተሩ እያጉረመረመ በሩ ንቅንቅ ካላለ ውስጡ ያለው ማርሽ ወይም ብሎን ተበልቷል፤ ዘንጉን መቀየር አሁን ትርጉም ይሰጣል። በሪሞት ሰርቶ በሩ ላይ ባለው በተን ካልሰራ ግን የሞተሩ ወሬ እዚህ ላይ ያበቃል። በሩ ላይ ያለው በተን ከላይ በጎማ የተሸፈነ ነው። ጎማው በፀሐይና በጊዜ ብዛት ይቀልጣል ወይም ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ውሃ ይገባዋል።

«የመኪናው ሞተር ይነሳል፣ ስለዚህ ባትሪው ደህና ነው»

የግድ አይደለም። ባትሪው ሲደክም ብዙ መኪኖች ኃይል ለመቆጠብ መጀመሪያ የሚያጠፉት የምቾት ዕቃዎችን ነው። የኋላው በር ከእነዚህ አንዱ ነው። ሞልቶ ያረፈ የ12 ቮልት የሊድ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። 12.2 ላይ ከሆነ ግማሽ አካባቢ ወርዷል። መኪናው ጠፍቶ ለሰዓታት ካረፈ በኋላ በቴስተር ለኩት። ከዚያ አንድ ሰው በተኑን ሲጫን ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚወርድ ተመልከቱ። የበለጠ ቀላል ፍተሻም አለ፦ የመኪናው ሞተር ሲነሳ በሩ የሚሰራ፣ ሲጠፋ የማይሰራ ከሆነ መጀመሪያ ባትሪውን ጠርጥሩ።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላቸው ሰዎች «ቻርጇ ሙሉ ነው፣ የባትሪ ችግር ሊሆን አይችልም» ይላሉ። መኪናውን የሚነዳው ትልቁ ባትሪና በሩን የሚያንቀሳቅሰው መስመር ይለያያሉ። በሩ፣ መብራቱ፣ የበር ቆላፊው ሁሉ የሚሰሩት በአብዛኞቹ መኪኖች ከሌላ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ ነው። ትልቁ 90 በመቶ ሞልቶ ትንሹ ሊያረጅ ይችላል። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸውን ወፋፍራም ኬብሎች ግን እንዳትነኩ። እነሱ የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ናቸው፣ ለበሩም አያስፈልጉም።

«መዘጋት ጀምሮ የሚመለሰው መቆለፊያው ስለተበላሸ ነው»

የት ላይ እንደተመለሰ ሳታዩ እንዲህ አትበሉ። ገና ንቅንቅ ሲል ወይም መሀል ላይ ከተመለሰ መቆለፊያው ገና አልተነካም። ወይ የጠርዙ የጎማ ሴንሰር ሳይነካ ተነካሁ እያለ ነው፣ ወይ ሞተሩን ከተለመደው በላይ ጉልበት ስለጠየቀው ኮምፒውተሩ በሩ ዕቃ የመታ መስሎታል። የጎማ ሴንሰሩን ከላይ እስከ ታች በእጃችሁ ዳስሱት። የተቆረጠ፣ የተላቀቀ ወይም ውሃ የገባው ቦታ ፈልጉ። ከአንድ ጎን ብቻ ዘንግ ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ ሌላኛው ጎን ላይ ያለውን፣ ሞተር የሌለውን ተራ ሾክ ፈትሹ። እሱ ሲደክም ሸክሙ ሁሉ ዘንጉ ላይ ይወድቃል።

የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሴንቲሜትሮች ላይ ደርሶ ከተመለሰ አሁን ወደ መቆለፊያው መጣን። እዚህም ቢሆን መጀመሪያ የሚታየውን እዩ። ወጣ ያለ ዕቃ አለ? ዙሪያውን ያለው ጎማ ታጥፏል? ከግጭት በኋላ በሩ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል? በሩ የሚያርፍባቸው ሁለት የጎማ ማረፊያዎች ከተገቢው በላይ ተፈትተው ከወጡ በሩን ይገፉታል። መልሶ ማስገባት ብዙ ጊዜ በእጅ የሚሆን ነገር ነው።

«ሽቦው በጎማ ተሸፍኗል፣ ምን ይሆናል?»

ብዙ የሚሆነው እዚያ ነው። ከመኪናው ጣሪያ ወደ በሩ የሚሻገር የተሸበሸበ የጎማ ቱቦ አለ። በሩ በተከፈተ ቁጥር በውስጡ ያሉት ሽቦዎች ይታጠፋሉ፣ በተዘጋ ቁጥር ይዘረጋሉ። ከዓመታት በኋላ አንዱ ይበጠሳል፣ ከዚያ ጎረቤቱ። ምልክቱ የሚያምታታ ነው፦ በሩ አንድ ቀን ይሰራል፣ አንድ ቀን ይተኛል። የኋላ ካሜራው ብልጭ ድርግም ይላል፣ የታርጋ መብራቱ ይጠፋል፣ የኋላ መስታወት መጥረጊያው ይቆማል። እነዚህ ከበሩ ችግር ጋር አብረው ከመጡ ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት ይህን ጎማ ክፈቱት። ብዙ ሰው ሦስቱን ለየብቻቸው ሲያስጠግን ይከርማል።

ፍተሻው ከባድ አይደለም። አንድ ሰው በተኑን ይጫን፣ ሌላው ጎማውን ያወዛውዝ። በሩ ድንገት ከነቃ አገኛችሁት። ከዚያ ባትሪውን ፈትታችሁ ጎማውን ከሁለቱም ጫፍ አውጡና ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ለስለስ አድርጋችሁ ሳቡ። ላስቲኩ ደህና መስሎ ውስጡ ያለው መዳብ የተበጠሰ ሽቦ እንደ ማስቲካ ይለጠጣል። የጣሪያውን ልባስ ማውረድ ካለባችሁ ተጠንቀቁ፤ ብዙ መኪኖች ላይ የጎን ኤርባግ እዚያ አካባቢ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ስለ እሱ እርግጠኛ ካልሆናችሁ ይህንን ክፍል ለባለሙያ ተዉት።

ጥገናው ላይ ደግሞ ሌላ ስህተት አለ። የተበጠሰውን እዚያው መታጠፊያው ላይ በሊድ በይዶ በናስትሮ መጠቅለል። ሊድ የነካው ቦታ ይደርቃል፣ አይታጠፍም። ስለዚህ ሽቦው ከብየዳው ጠርዝ ላይ እንደገና ይበጠሳል። ናስትሮውም በሙቀት ይለቃል። የተሻለው፣ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ለስላሳ ሽቦ ቆርጦ በጎማው ውስጥ ሙሉ ለሙሉ ማሳለፍና መገጣጠሚያዎቹን ከጎማው ውጪ፣ የማይታጠፍ ቦታ ላይ ማድረግ ነው። መገጣጠሚያዎቹ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ እንዳይከማቹ ከፍ ዝቅ አድርጓቸው። በሙቀት የሚጠብ የላስቲክ ቱቦ አልብሷቸው። አንዱን ጨርሳችሁ ወደሚቀጥለው ሂዱ። ሁሉንም ቆርጦ ቀለም ማስታወስ ራስን መቅጣት ነው።

«ባትሪ ነቅሎ መመለስ ሁሉን ያስተካክላል»

አንዳንዴ የደነዘዘ ኮምፒውተር ያነቃል፣ እውነት ነው። ግን ባትሪ ሲነቀል አንዳንድ መኪኖች በሩ የት እንዳለ የያዙትን ቆጠራ ያጣሉ። ከዚያ ደህና የነበረው በር ራሱ አይሰራም። «ባትሪ ከቀየርኩ በኋላ በሩ ተበላሸ» የሚለው ቅሬታ ብዙውን ጊዜ ይሄ ነው። በብዙ ሞዴሎች መፍትሔው በሩን በእጅ ሙሉ ለሙሉ ዘግቶ፣ መቆለፉን አረጋግጦ፣ ከዚያ በበተን አንድ ጊዜ መክፈትና መዝጋት ነው። ቅደም ተከተሉ ከመኪና መኪና ስለሚለያይ መመሪያ መጽሐፉን ክፈቱ። በዚህ የማይነቁ መኪኖችም አሉ፤ እነሱ ስካነር፣ ማለትም ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር የሚነጋገር መሣሪያ፣ ይፈልጋሉ።

«ፊውዙ ደጋግሞ ከተቃጠለ ከፍ ያለ ይግባበት»

በፍጹም። ፊውዙ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ትልቅ ካስገባችሁ ፊውዙ ይተርፋል፣ ሽቦው ይቃጠላል፣ መኪናውም ሊከተል ይችላል። ፊውዝ ከደገመ አንድ ሽቦ ብረት ነክቷል ወይም ሞተሩ ታስሯል። ከጣሪያ ወደ በሩ ወደሚሻገረው የሽቦ ጎማ ተመለሱ።

«ዘይት ሲነፋበት ይለሰልሳል»

መቆለፊያው ላይ ትንሽ ነጭ ግሪስ ይጠቅማል። ዘንጎቹ ግን ታሽገው የተሠሩ ናቸው። ከውጪ የተነፋ ዘይት ውስጥ አይደርስም፣ አቧራ ግን ይሰበስባል። ድምፅ የሚመጣው ከጫፎቹ፣ ከኳስ መገጣጠሚያዎቹ ከሆነ እነሱን ግሪስ ቀቡ። ከውስጥ ከሆነ ዘይት አያድነውም።

«ሾክ መቀየር ሁለት ደቂቃ ነው»

ሁለት ደቂቃ ሊሆን ይችላል፣ ግን በሩ ራሳችሁ ላይ ካልወደቀ። የኋላ በር ከባድ ነው። አንዱን ዘንግ ስትነቅሉ ሌላው ብቻውን ላይሸከመው ይችላል። ጠንካራ ድጋፍ አስገቡ፣ ወይም ሰው ይያዝላችሁ። የነቀላችሁትን ደግሞ ለማየት ብላችሁ አትፍቱት። የኤሌክትሪክ ዘንግ ውስጥ በኃይል የታመቀ ስፕሪንግ አለ። በተራው ሾክ ውስጥ ያለው ከፍተኛ ግፊት ያለው የናይትሮጅን ጋዝ ነው። አትብሱት፣ እሳትም አታስነኩት። ሁለት ተራ ሾኮች ካሉት ደግሞ ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይሩ፤ እኩል ያገለገሉ ናቸውና አሮጌው ብዙም አይቆይም።

«ስካነሩ ስህተት አላሳየም፣ ስለዚህ ስህተት የለም»

የትኛው ስካነር? ርካሾቹ የሚያነቡት የመኪናውን ሞተር የስህተት ኮዶች ነው፣ በ«ፒ» የሚጀምሩትን። የበሩ ኮምፒውተር የሚመዘግበው በአብዛኛው በ«ቢ» ወይም በ«ዩ» የሚጀምሩ ኮዶችን ነው። እነሱን የሚያነብ፣ በተለይም በሩን ከስክሪን ላይ ሆኖ ማዘዝ የሚችል ስካነር ያለው ጋራዥ ፈልጉ። ጥሩው ስካነር መቆለፊያው በዚህ ሰዓት «ተዘግቻለሁ» ነው ወይስ «ተከፍቻለሁ» የሚለውን በቀጥታ ያሳያል። ይህ ደግሞ ሌላ እንቆቅልሽ ይፈታል። በሩ ተዘግቶ ሳለ መቆለፊያው ክፍት ነኝ ካለ፣ የዕቃ መጫኛው መብራት ሊበራ፣ ኮምፒውተሮቹም ሳይተኙ ሊያድሩ ይችላሉ። ጠዋት ባትሪው ባዶ ነው። ባትሪ ተቀይሮ ከሳምንት በኋላ ተመሳሳይ ነገር ከመጣ እዚህ ላይ ተመልከቱ።

«የእግር ሴንሰሩ አይሰራም»

እግር ከባምፐሩ ስር ሲገባ በሩን የሚከፍተው ሴንሰር ማለት ነው። ሪሞቱ ኪሳችሁ ውስጥ አለ? ያለ እሱ አይሰራም። እግራችሁንም ወደ ጎን አታወዛውዙ። ወደ ባምፐሩ ስር ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡና ወዲያው አውጡ። ጭቃ ከያዘው እጠቡት። ባምፐሩ በቅርቡ ተፈትቶ ከነበረ ሶኬቱ ሳይሰካ ቀርቶ ይሆናል።

«ካልተከፈተ መስበር ብቻ ነው አማራጩ»

ከመስበራችሁ በፊት የኋላ ወንበሮቹን አጥፉና ወደ ውስጥ ግቡ። በብዙ መኪኖች ላይ በበሩ የውስጥ ልባስ መሀል፣ ከመቆለፊያው ትይዩ፣ ትንሽ ክዳን አለች። በካቻቢቴ ፈልቀቅ አድርጓት። ውስጥ ያለችውን ማንሻ ወደ ጎን ስትገፏት መቆለፊያው ይለቃል። በሩን ከውስጥ ወደ ላይ ግፉት፤ ያለ ኤሌክትሪክ ስለሆነ ይከብዳል፣ ግን ቀስ እያላችሁ ስትገፉት ይነሳል።