«ጀርመኖች ቴክኖሎጂውን ከግዕዝ መጻሕፍት ነው የወሰዱት» እና ሌሎች የሰለቹኝ ወሬዎች

ጀርመንኛ ማስተማር ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። አዲስ ክፍል በተከፈተ ቁጥር፣ ገና «ዴር፣ ዲ፣ ዳስ»ን ሳንጨርስ፣ አንድ ተማሪ እጁን ያወጣል። «መምህር፣ ጀርመኖች መኪናውንም ሮኬቱንም ያወጡት ከእኛ የግዕዝ መጻሕፍት ነው አይደል?» ክፍሉ በሙሉ ራሱን ይነቀንቃል። ባለፈው ወር ደግሞ ለቅሶ ቤት አንድ የተማሩ ትልቅ ሰው ይህንኑ ሲያወሩ ሰማሁ። ድንኳኑ ውስጥ «እንዴት?» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። እኔም ቀን አይደለም ብዬ ዝም አልኩ፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ አንገበገበኝ። ስለዚህ ልጽፈው ተቀመጥኩ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቀላል ቀላሎቹን ላስቀድም።

«ሂትለር የተወለደው ጀርመን ነው።» አይደለም። በ1889 ኦስትሪያ ውስጥ፣ ብራውናው በምትባል የድንበር ከተማ ነው የተወለደው። የጀርመን ዜግነት ያገኘው በ1932 ነው።

«አውቶባንን (የጀርመንን ፈጣን አውራ ጎዳና) የጀመረው ሂትለር ነው።» ከኮሎኝ ቦን የሚወስደው አውራ ጎዳና በነሐሴ 1932 ተመርቋል። መርቀው የከፈቱት የኮሎኝ ከንቲባ ኮንራድ አደናወር ነበሩ። ሂትለር ሥልጣን የያዘው በጥር 1933 ነው።

«አንስታይን ሒሳብ ይወድቅ ነበር።» ወላጆች ልጅ ማጽናኛ አድርገውታል። ልጁ 15 ዓመት ሳይሞላው ካልኩለስ ያውቅ ነበር። በ16 ዓመቱ የዙሪኩን የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና አላለፈም፤ በሒሳብና በፊዚክስ ግን ጥሩ ውጤት ነበረው፤ የጣሉት ሌሎቹ ትምህርቶች ናቸው። ልጃችሁ ሒሳብ ከከበደው አስጠኚ ፈልጉለት።

«ኦክቶበርፌስት የመላው ጀርመን በዓል ነው።» የሙኒክ ነው። በ1810 ለልዑል ሉድቪግ ሠርግ በተደረገ የፈረስ ውድድር ተጀመረ። ስሙ «የጥቅምት በዓል» ማለት ቢሆንም አሁን የሚጀምረው በመስከረም ነው። በበዓሉ የሚለበሰው የቆዳ ቁምጣም የባቫሪያና የአካባቢው ተራሮች ልብስ ነው፤ የሃምቡርግ ሰው ብሔራዊ ልብሱ አይደለም።

«የበርሊን ግንብ ምሥራቅና ምዕራብ ጀርመንን ለሁለት የከፈለ ነው።» ይህን ቦርድ ላይ ካልሣልኩት የሚገባው የለም። በርሊን ያለችው ምሥራቅ ጀርመን መሀል ነው። ምዕራብ በርሊን እዚያ ውስጥ እንደ ደሴት ተቀምጣ ነበር። ከነሐሴ 13 ቀን 1961 ጀምሮ የተሠራው ግንብ ይህችን ደሴት ዙሪያዋን ከበባት፤ ርዝመቱም ወደ 155 ኪሎ ሜትር ደረሰ። የሁለቱ አገሮች ድንበር ሌላ ነው፤ እሱ ወደ 1,400 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የታጠሩት ምዕራቦቹ ይምሰሉ እንጂ መውጣት የተከለከሉት ምሥራቆቹ ነበሩ።

«መጽሐፍ ቅዱስን መጀመሪያ ወደ ጀርመንኛ የተረጎመው ሉተር ነው።» ከእሱ በፊት 18 ጊዜ በጀርመንኛ ታትሟል፤ የመጀመሪያው በ1466 ስትራስቡርግ ውስጥ ነው። እነዚያ ከላቲን የተመለሱ ናቸው። ሉተር ወደ ግሪኩና ወደ ዕብራይስጡ ሄደ፤ ገበያ ላይ ያለ ሰው በሚናገረው ቋንቋም ጻፈው። ሙሉው መጽሐፍ በወጣበት በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ቪተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተር ጋር ስለ ሃይማኖት ተነጋግሯል። ይህን ስናገር ክፍሉ ጸጥ ይላል። እውነተኛው ታሪክ ከወሬው አያንስም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

መኪናውን እንይ። ኒኮላውስ ኦቶ ባለ አራት ምት ሞተሩን በ1876 ሠራ። ካርል ቤንዝ ጥር 29 ቀን 1886 ለባለ ሦስት ጎማ ተሽከርካሪው የባለቤትነት መብት ጠየቀ። ቁጥሩ 37435 ነው፤ ሥዕሉና ማብራሪያው ለማንም ክፍት ነው። እያንዳንዱ ብሎን ከየት እንደመጣ መከተል ይቻላል።

በነሐሴ 1888 ደግሞ ሚስቱ ቤርታ፣ ባሏ ሳይሰማ፣ ሁለት ወንዶች ልጆቿን አሳፍራ ከማንሃይም ወደ ፕፎርትስሃይም ነዳች። መንገዱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ነዳጅ አለቀባት። ቪስሎህ ላይ ፋርማሲ ገብታ ሊግሮይን የሚባል የልብስ እድፍ ማስለቀቂያ ገዝታ ሞላች። የነዳጁ ቱቦ ሲደፈን በባርኔጣዋ መርፌ ጠረገችው። ፍሬኑ ሲበላ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄዳ ቆዳ አስመታችበት። ዳገቱ ላይ ልጆቹ ገፉ። መኪና የሆነው እንዲህ እየተበላሸና እየተጠገነ ነው። የትኛው ብራና ላይ ነው ይህ የተጻፈው?

ጀርመኖች ከግዕዝ መጻሕፍት ምን አገኙ ከተባለ መልሱ የታወቀ ነው። ጀርመናዊው የግዕዝ ሊቅ አውግስት ዲልማን መጽሐፈ ሄኖክን በ1851፣ ኩፋሌን በ1859 በግዕዝ አሳተመ። የግዕዝ ሰዋስው በ1857፣ ትልቁን መዝገበ ቃላት በ1865 አወጣ። ሊቃውንት ዛሬም ይጠቀሙበታል። እነዚህን ገልጦ ያየ ሰው የሚያገኘው ሃይማኖት፣ ታሪክና ቋንቋ ነው። «ጀርመን ዩኒቨርሲቲ ግዕዝ ግዴታ ነው» የሚባለውም ውሸት ነው። የሚማሩት ዘርፉን የመረጡ ጥቂቶች ናቸው። በ1868 መቅደላ ላይ መጻሕፍቱን የዘረፈው ጦርም የእንግሊዝ ነበር።

የሚያንገበግበኝ ግን ወሬው እውነተኛውን ሰው መቅበሩ ነው። አባ ጎርጎርዮስን ስንቶቻችን እናውቃቸዋለን?

በአማራ ምድር የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው። አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ካባረሩ በኋላ ሮም ገብተው፣ ቫቲካን ባለው የኢትዮጵያውያን የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ይኖሩ ነበር። በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል የጀርመኗ ኤርፉርት ተወላጅ መጣ። ግዕዝን ከመጻሕፍት ብቻ ነው የተማረው። የቤቱ ኢትዮጵያውያን አንብብ ብለው ብራና ሰጡት። ሲያነብ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው፤ መተርጎም ሲጀምር ግን ሳቁ ወደ አድናቆት ተለወጠ። የጎደለው አፍ ነበር፤ አፉን የሰጡት አባ ጎርጎርዮስ ናቸው።

በ1652 የጀርመኗ ጎታ መስፍን ኤርንስት ጋብዘዋቸው አባ ጎርጎርዮስ እዚያ ድረስ ሄዱ። ፍሪደንሽታይን በሚባለው ቤተ መንግሥት ለወራት ተቀመጡ። መነጋገሪያቸው ግዕዝ ነበር። ሉዶልፍ ይጠይቃል፤ እሳቸው ይመልሳሉ። ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ስለ አማርኛው። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን አንድም ቀን ረግጦ አያውቅም። በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ዋና ምንጩ እኚህ አንድ ሰው ናቸው፤ እሱም ስማቸውን ጠርቶ ይመሰክራል። በ1691 በመዳብ ተቀርጾ የታተመ ምስላቸውም አለ።

ታዲያ «ሰረቁን» ስንል ማንን ነው የምንሰርዘው? ተቀምጦ ያስተማረውን መምህር ነው። አባ ጎርጎርዮስ የሰጡት በፈቃዳቸው፣ አስተማሪ ሆነው ነው። ተማሪዎቼን ስለ ሉዶልፍ ስጠይቅ አንድ ሁለቱ ሰምተዋል። ስለ አባ ጎርጎርዮስ ስጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚመልስ የለም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። አንድ ሰው «ከግዕዝ ወስደው ነው» ሲላችሁ፣ አትጣሉት፤ «የትኛው መጽሐፍ? የት ነው ያለው? ስንተኛው ቅጠል ላይ?» ብላችሁ ጠይቁት። በደፈናው ያወራ ሰው እዚያው ይቆማል። ግዕዙ የእውነት የሚያሳስባችሁ ከሆነ ደግሞ ተማሩት። ቅርባችሁ ካለ ደብር መሪጌታውን ጠይቁ። ከተማሪዎቼ አንዷ እንዲህ ጀምራ አሁን ዳዊት ትደግማለች፤ ጀርመንኛዋም በዚያው ተሻሻለ፤ ሰዋስው ምን እንደሆነ ገብቷት መጣች።

አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ዛሬ ቱርክ ውስጥ ባለችው የወደብ ከተማ እስክንድሮና አጠገብ የተሳፈሩበት መርከብ ተሰብሮ ሰጠሙ። ሉዶልፍ የመጀመሪያውን የታተመ የአማርኛ ሰዋስው ያወጣው ከዚያ 40 ዓመት በኋላ፣ በ1698 ፍራንክፈርት ላይ ነው። መጽሐፉ ፎቶ ተነሥቶ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ማብራሪያው ላቲን ነው፤ የአማርኛው ቃላት ግን በእኛው ፊደል ስለተጻፉ ስልካችሁ ላይ ከፍታችሁ ልታነቧቸው ትችላላችሁ።